እስከ ጫት ሻጮቹ የሚደርሰው ገመድ

ሥራ የጀመርኩት ወታደሮቹ ለቀው በወጡ ሰሞን፣ በሰማንያ ሦስት፣ ጭሮ ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ለስብሰባ የሚከራየው የድምፅ ማጉያ፣ የሞንታርቦው፣ ባለቤት ጋሽ ታደሰ «ምን ትችላለህ?» አሉኝ። «የማልችለውን ይጠይቁኝ» አልኳቸው። የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቼ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሳቁና ትልቁን የገመድ ጥቅል ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝ። ዛሬ ከሂርና እስከ ገለምሶ «ሃሎ፣ ሙከራ!» ስል ያልሰማኝ ካለ ሐኪም ይየው።

በደርግ ጊዜ ማይክ ከመድረክ ወርዶ አያውቅም። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ግን ስብሰባውን የመራው አዲሱ የቀበሌ ሊቀመንበር «አሁን ዴሞክራሲ ነው፣ ምርጫም ይመጣል፣ ሕዝቡ ይናገር» አለ። ገመዱን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፍን ኋላ የተቀመጡት ጫት ሻጮች ጋ አደረስነው።

ከሻጮቹ አንዷ፣ አዴ ፋጡማ፣ ማይኩን ያዙት። «ኢልማ ኮ፣ ልጄን፣ ከጫት ተራ አፍሰው ለጦር ወሰዱት። ካለ የት ነው? ከሞተም ንገሩኝ፣ ለነፍሱ ሰደቃውን ላውጣ።»

 ሊቀመንበሩ «አጣርተን በሚቀጥለው ስብሰባ እንነግርዎታለን» አለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ተቀይሯል። አዲሱ ስለ ማዳበሪያ አወራ።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄ ከፊት ወንበር ብቻ ሆነ። ምርጫ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። «ረጅሙን ገመድ ልዘርጋ?» ስል ሰብሳቢዎቹ «ተወው፣ ሰው ይጠልፋል» ይሉኛል።

«እስከ ዛሬ ማንንም አልጠለፈም እኮ!»

«አጭሩን አልንህ!»

አዴ ፋጡማ ከአንድም ስብሰባ አልቀሩም። ጫታቸውን ለጎረቤት ትተው ይመጡና ኋላ ቁጭ ብለው እጃቸውን ያወጣሉ። በአጠገቤ ሲያልፉ «ዛሬስ ገመድህ ይደርሳል?» ይሉኛል።

«አዴ፣ የኔ ገመድ እስከ በደሳ ከተማ ይደርሳል!»

ይስቃሉ። ትልቁ ጥቅል መኪናው ውስጥ ተቀምጧል።

በሁለት ሺህ አስር ለውጥ መጣ ተባለ። ጋሽ ታደሰ ሞተው ሞንታርቦው የኔ ሆኗል። ወጣቱ ሰብሳቢ «ዛሬ ሁሉም ይናገር» ሲል ትልቁን ጥቅል አወረድኩ። አይጥ የበላውን በፕላስተር ጠቅልዬ ራሴ እየጎተትኩ ኋላ ድረስ ሄድኩ። አዴ ፋጡማ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«አዴ፣ ደረሰ!»

ማይኩን አዩት እንጂ አልነኩትም። «ሰደቃውን አውጥቻለሁ» አሉኝ።

«ሞቱን ማን ነገረዎት?»

«ማንም። እኔ ከሞትኩ ማን ያወጣለታል ብዬ ነው። ለሌላ ሰው ስጠው፣ ልጄ።»

 ማይኩን አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት ሰጠኋት።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ሞንታርቦውን ከማስጮሃችሁ በፊት ገመዱ መጨረሻው ረድፍ መድረሱን እዩ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ጥያቄውን ይዞ ሁሌ አይጠብቅም።