ከሙሽራ ማረፊያ በታች

ባለፈው ሳምንት ቆቦ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ፣ ድምፅ ማጉያ የታሰረባት ባጃጅ የሰው ሞት እየለፈፈች አለፈች። «ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ከወፍጮው አጠገብ» ይላል ልጁ፤ ማስቲካ የሚያኝክ ይመስላል። አያ ይመር ቢሰሙ «ጀርባ ደግሞ አገር ሆነ እንዴ?» ባሉ ነበር።

አያ ይመር ባደግሁበት ቀዬ የቅሬው፣ ማለትም የእድራችን፣ ለፋፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ አፋፉ ላይ ወጥተው፣ አፉ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጥሩምባ ይነፉና «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብለው ሟቹን ከነቦታው ይጠራሉ። ከሙሽራ ማረፊያ በታች፤ ከደም ድንጋይ ወዲህ። እሳቸው ሙስሊም ሆነው የሰበካችንን ቦታ ከቄሶቹ በላይ ያውቁ ነበር። ሙሽሮች ያርፉበት የነበረው የቁርቁራ ዛፍ እኔ ሳልወለድ ተቆርጧል፤ ደመኞች የታረቁበትን ድንጋይም ጎርፍ ወስዶታል። ቢሆንም ስሙ ሲጠራ ለቀስተኛው ሳይጠይቅ ይደርስ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ድምፃቸው መሰነጣጠቅ ጀመረ። አንድ ቀን ደብተር ገዝተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እኔ ስሞት የቦታው ስም አብሮኝ እንዳይቀበር ጻፊልኝ።»

ግቢያቸው ተቀምጬ የማሽላ ንፍሮ እየበላሁ ለቀናት ጻፍኩ። መጀመሪያ ያስጻፉኝ የገዛ ግቢያቸውን ስም ነበር፦ ዝሆን መጠጫ። ዝሆኑንም ውሃውንም ያየ ሰው የለም።

«አያ፣ የት ነው ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ይህንንማ ማን ያጣዋል! አንቺ ስሙን ብቻ ያዢ።»

እኔም ስሙን ብቻ ያዝኩ። የምጨነቀው መስመሩ እንዳይዛባ፣ ጽሕፈቴ እንዲያምር ነበር። አይ ሞኝነት!

እሳቸው ሞቱ። ከዚያ አንድ ክረምት ወንዙ አቅጣጫውን ለውጦ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ በላው፤ ሰዉም ሮቢትና ዋጃ ተበተነ። ዘንድሮ የአጥቢያው ሽማግሌዎች የድሮ ቦታ ስም መዝግበን እናስቀምጥ ሲሉ፣ ኩራት ኩራት እያለኝ ደብተሩን ይዤ አብሬያቸው ወረድኩ። እያንዳንዱን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩ። አንዱ ወደ ላይ ሲያመለክት ሌላው ወደ ታች ያመለክታል፤ ደም ድንጋይ ላይማ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። በመጨረሻ ሊመዘግብ አብሮን የወረደው ጸሐፊ እስክሪብቶውን ከደነ።

«እህቴ፣ ስምስ ሞልቷል። የት ነው ብለን እንጻፈው?»

ቢያንስ ዝሆን መጠጫን አላጣውም ብዬ ብቻዬን ወደ አሸዋው ገባሁ። ስንት ቀን የዋልኩበት ግቢ ነው! ከወንዙ ይህን ያህል፣ ከአፋፉ ይህን ያህል ብዬ ልገምት ሞከርኩ። ወንዙ ድሮ የነበረበት የለም፤ አፋፉም ተንዷል። እዚህ ይሆን እዚያ ስል፣ ጀርባዬን ፀሐይ እስኪያቃጥለኝ ዞርኩ። አጣሁት።

ደብተሩ ቤቴ አለ። ጽሕፈቱ ዛሬም ያምራል።