የማይቀመጠው ወረቀት

ጣሳው የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር። አሁን ውስጡ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ አለ፤ ከአንድ እስከ ሃያ ያለው ቁጥር በቀይ የጥፍር ቀለም ተጽፎባቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከአልጋ ሥር አውጥቼ ስነቀንቀው ያ ድምፅ መጣ፤ ከድምፁም ጋር ከወፍጮ የወጣ ትኩስ የበቆሎ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ናፍቆኝ ያወጣሁት እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው። እንደዚያ ቀን የተናደድኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሰበታ ሳለን አራት ነበርን። የአንዷ ጓደኛችን አባት ወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ ከወፍጮው ጀርባ ባለችው የጆንያ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ከበን እንጫወት ነበር። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችን ወረቀት ላይ የፈጠርነውን ሰው ሆነን እንጓዛለን፣ ወንዝ እንሻገራለን፣ ከሽፍታ ጋር እንዋጋለን። መሳካት አለመሳካቱን ቁጥር ይወስነዋል። ፈረንጆቹ ለዚህ ብዙ ጎን ያለው ዳይስ አላቸው፤ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ከጣሳው ቆርኪ እናወጣ ነበር። የምንጫወተውም መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ወፍጮው ከተነሳ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሰውን አይሰማም። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ ብሎ ሲራገም እኛ እየሳቅን እንሮጣለን። አባቷ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው በሩ ላይ ይቆሙና «አካም ጅርቱ ኢጆሌ! እንዴት ናችሁ ልጆች! እናንተ ናችሁ አይደል የምታጠፉት?» ይሉን ነበር።

መጽሐፉ ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ ፎቶ ኮፒ ነበር። ከአራታችን በዕድሜ ትልቁ መዝገበ ቃላት ይዞ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጦ፣ በባለ ካሬ ደብተር ወደ አማርኛ መለሰው። አንባቢያችን እንለው ነበር፤ ታሪኩንም የሚመራው እሱ ነው። አንድ ሰው ምን ያህል ቆስሎ መቆም እንደሚችል የሚያሳየውን ቁጥር «ትንፋሽ» አለው። ትንፋሹ ያለቀበትን ጓደኛ ተሸክሞ ማውጣት የሚፈቅደውን ሕግ ደግሞ «አደራ» አለው። እዚህች ላይ ከራሱም ጨመረበት። የወደቀው «አደራ» ብሎ ወረቀቱን በቀኙ ለተቀመጠው ይሰጣል። የተቀበለው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥም ኪሱ መክተትም አይችልም፤ በአንድ እጁ እየተጫወተ በሌላው ይዞት ይዘልቃል። ወረቀቱ ሰው እጅ ላይ እስካለ ድረስ የወደቀው አልሞተም።

አንድ ቀን የወፍጮ ቤቱ ልጅ የእኔን ወረቀት ይዛ ሳለ አባቷ ጠሯት። በአንድ እጇ ጆንያ ስትጎትት አዩና «እጅሽን ምን ሆንሽ?» አሏት። «ሰው ይዣለሁ» አለቻቸው።

ከዚያ እኔ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገባሁና የጨዋታውን ሁለተኛ እትም በስልኬ ጭኜ መጣሁ። ያው ጨዋታ ነው፤ ግን ስሙ ያልተለወጠ ነገር አልነበረም። ትንፋሽ ያልነው ሌላ ስም ወጥቶለታል፣ ተራ መያዣውም ሌላ፣ ዕድል መሞከሪያውም ሌላ። ምን ቸገራቸው? መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንዲጠፋው ካልፈለጉ በቀር የሰፈርን ስም በየጥቂት ዓመቱ ማን ይለውጣል? ዛሬ እንዲህ እላለሁ። ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከአራታችን አዲሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ዛሬ የምመራው እኔ ነኝ» አልኩ። አንባቢያችን አልተከራከረኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ማንኛችንም ተጫዋች ሆኖ በግራዬ ተቀመጠ፤ በዚያች በደቃቋ ጽሕፈቱ አንድ የድልድይ ጠባቂ ፈጠረ፤ ለመጫወት የቸኮለ ልጅ ይመስል ነበር። «ትንፋሽ» ባለ ቁጥር አረምኩት። «አዲሱ ላይ እንደዚያ አይባልም» እያልኩ ስንቴ እንዳቋረጥኩት ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

የድልድይ ጠባቂው ወንዙ ዳር ወደቀ። አንባቢያችን ወረቀቱን በሁለት እጁ ዘረጋልኝና «አደራ» አለ።

«እንደዚያ የሚባል ሕግ የለም» አልኩት። «አዲሱ የሚለው 'ውጪ' ነው። የወደቀ ውጪ ነው።» ወረቀቱን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋሁት።

አራተኛው ጓደኛችን ነገር በሳቅ የሚያስረሳ ሰው ነበር፤ እሱም ቆርኪዎቹን እየለቀመ ወደ ጣሳው መመለስ ጀመረ። አንባቢያችን «እሺ» ብሎ ተነሳ፣ ሱሪው ላይ ያረፈውን ዱቄት አራገፈ። አንድ ነገር ልለው አፌን ስከፍት መብራት መጣና ወፍጮው ተነሳ። ምን እንዳልኩ እኔም አልሰማሁትም። እሱ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ መብራት ሲጠፋ አልመጣም። ቀልደኛው ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ እጄ ውስጥ አስጨበጠኝና እሱም ሄደ፤ ጣሳውም እኔ ዘንድ ቀረ።

ይኸው፣ ወደ ቅዳሜው ንዴቴ ልምጣልህ። አሁን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሕንፃችን ሥር ባለ ቤት ውስጥ ወጣቶች ይህንኑ ጨዋታ ሲጫወቱ አየሁና አላስችል ብሎኝ አብሬ ተቀመጥኩ። የአንዷ ተጫዋች ሰው ወደቀች። «ውጪ ናት» አልኩ፤ እንደ አዋቂ።

የሚመራው ልጅ በትሕትና ሳቅ አለ። «እትዬ፣ እሱ እኮ የድሮ ነው፤ ሦስተኛው እትም ላይ ተሰርዟል። አሁን ጓደኛ ተሸክሞ ሊያወጣት ይችላል። አሪፍ ነገር ነው የጨመሩት።»

ጨመሩት! ከመጽሐፋቸው ያወጡትን መልሰው ከተቱት እንጂ ምን ጨመሩ? እኔ ጓደኛዬን ያዋረድኩበት ቃል አንድ እትም ብቻ ቆይቶ ተጣለ። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ እነሱም አልጠየቁ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ቤቴ ገብቼ በንዴት ጣሳውን ከአልጋ ሥር ጎተትኩት። ወረቀቱ ከቆርኪዎቹ ሥር አራት ታጥፎ ተቀምጧል። ተቀምጧል፤ ይህን ሁሉ ዓመት።

የወፍጮ ቤቱ ልጅ ጋ ደወልኩ። አንባቢያችን ከሰበታ ወዲያ ተጂ ከተማ እህል እንደሚነግድ ነገረችኝ። እሑድ ጠዋት ሄድኩ። በሰበታ ሳልፍ ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ባለ መስተዋት ፎቅ ቆሟል፤ ብዙም አላየሁት። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር፤ በግራ እጄ የፊቱን ወንበር ይዣለሁ፣ በቀኜ ወረቀቱን። ያስታውሰኝ እንደሆነ አላውቅም። ቢያስታውሰኝ ይብሳል ብዬም ፈርቻለሁ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው እንጂ፤ ይጨማደድብሻል» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ይሄ አይቀመጥም።»

ወረቀቱን አዩት፣ እጄን አዩት። «የሰው አደራ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ» አልኳቸው።