አሚን ያለው ሰው

እማ ፋጡሜ ዱበርቲ ናቸው። በእኛ አገር አንዲት ሴት አርግዛ ወሯ ሲገባ ዱበርቲ ትጠራለች፤ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ገንፎ ይቀርባል፣ ዱበርቲዋ እጇን ዘርግታ ትለምናለች፣ ሴቱ ሁሉ አሚን ይላል፤ ያኔ በዘረጋችው እጇ ፊቷን አብሳ ዱዓውን ትዘጋለች። ወዳጃ የምንለው ይኼንን ነው። ከቦርከና ማዶ ባለችው መንደራችን የእማ ፋጡሜ ዱዓ ያላረፈበት ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

እርግማን የሚባል ነገር አያውቁም። ላማቸውን ነድቶ ለሸጠባቸው ሌባ እንኳ «አላህ ልቡን ይመልስለት» ብለው ያለፉ ሴት ናቸው። እኔ ብሆን ሰባት ቤቱን ነበር የምረግመው።

የሚያስፈራቸው ቦርከና ብቻ ነበር። በበጋ ፍየል የሚሻገረው ወንዝ ሐምሌ ሲገባ በሬ ይዞ ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ጨፋ ሮቢት ነው፤ እኛ ደግሞ ማዶ ነን። ምጥ ክረምት ነው፣ በጋ ነው አይልም። ድልድይ፣ ድልድይ እንዳልን አረጀን።

ኸይረዲን የመጣብን በ2013 ምርጫ ነው። ተመራጭን አንቱ ማለት ወግ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ለእሱ ግን አፌ እሺ አላለኝም። የዚያን ቀን የመሪየም ወዳጃ ላይ ነበርን። የሴቶች ወዳጃ ላይ ወንድ አይገባምና ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። ብልጥ ነው፤ የመንደሩ ሴት ማንን እንደምትሰማ ቀድሞ አጠያይቋል።

«አካም ጅርቱ፣ ሀዳ ኮ!» አላቸው በኦሮምኛ፤ እንደምን አሉ እናቴ ማለቱ ነው። «ለምክር ቤት ልወዳደር ነው። አላህ ካለና ከተመረጥኩ ድልድዩን አሠራለሁ። አንቱ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

እማ ፋጡሜ እጃቸውን ዘረጉ። «ያረቢ፣ ይህን ልጅ ለቃሉ አብቃው። ነፍሰ ጡሮቻችንን በእሱ እጅ አሻግራቸው።»

አሚን አልን። እሱም ከሁላችን በላይ ጮክ ብሎ «አሚን!» አለ።

ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። እኛ ዘንድ ወዳጃ ላይ አሚን ያለ ሰው ምሏል። ከዚያ ወዲያ መቼ ነው፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የእማ ፋጡሜ አማች ኢርፋን ውጭ ላይ ይዞ ሊጠይቀው ሲል ሴቱ ሁሉ ጮኸበት። «ዱዓ ላይ በጀት ይጠየቃል እንዴ? አታፍርም?» ልጁም አፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ምርጫው ዕለት ገና ሳይነጋ ተሰለፍን። ጣታችንን ቀለም አስነክረን ስንመለስ ሙሽራ ያመጣን እንመስል ነበር።

ተመረጠ። ሰንበት ብሎ ወንዙ ዳር የመሠረት ድንጋይ ተከለ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሄደ። አሁን ድንጋዩ ላይ ላሞች ይታከኩበታል። በጠየቅን ቁጥር «ጥናት ላይ ነው» ይሉናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከዓመታት በኋላ ሰሀር አረገዘች። ሰሀር የእማ ፋጡሜ አንድ ልጃቸው ናት፤ የኢርፋን ሚስት። ፅንስ አልይዝ ብሏት ስንት ጊዜ አልቅሳለች፤ እናቷም ስንት ሌሊት ለምነውላታል። የምትወልደው ሐምሌ ላይ ነው ሲባል እማ ፋጡሜ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሚሴ ወረዱ፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ።

ኸይረዲን ቢሮው ውስጥ ብድግ ብሎ ተቀበለን፤ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ልጄ፣ ሰሀር ነፍሰ ጡር ናት» አሉት። «ክረምት ላይ ነው የምትወልደው። ድልድዩስ?»

«አልሐምዱሊላህ! አይዞዎት፣ ሀዳ ኮ። ከክረምቱ በፊት ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ። ያለቀ ነገር ነው። አንቱ ብቻ ዱዓዎን አይርሱን።»

ዱበርቲ ዱዓ ተለምና እምቢ አትልም። እዚያው ወንበሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ስልኩን በአንድ እጁ እየነካካ «አሚን፣ አሚን» አለ። ስልኩን እኔ አየሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር አላዩም። መንገዱን ሁሉ በደስታ ሲያወሩ ነበር የተመለሱት።

ሰኔ ሲጋመስ ድልድይ ቀርቶ አንድ ጆንያ ሲሚንቶ አልመጣም። ኢርፋን «ወንዙ ሳይሞላ ሰሀርን ላሻግራት፣ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ትቀመጥ» አለ። ልክ ነበር፤ ዛሬ ሁላችንም ልክ ነበር እንላለን። እማ ፋጡሜ ግን ተቆጡ።

«ሰውየው አሚን ብሏል! ሁለት ጊዜ! ልጄን ባዳ ቤት የማስቀምጣት በአላህ ፊት የተባለውን ቃል ሐሰት ነው ብዬ ነው?»

ሰሀር እናቷንም ባሏንም አየች። «እማ ካለች ይሁን፤ አሚን» አለችና እቤቷ ቀረች።

ሐምሌ ላይ ምጧ መጣ። ደጋው ላይ ዘንቦ ቦርከና ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት። አምቡላንሱ ማዶ ቆሞ ይታያል። ሾፌሩ ምን እንደሚል አይሰማም፤ እጁን ብቻ ያወናጭፋል። ውሃው እስኪጎድል ሰሀርን በነጠላ ከልለናት ተቀመጥን። እማ ፋጡሜ ድምፃቸው እስኪዘጋ ለመኑ። ቀኑ መሽቶ ሲነጋ፣ ወንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው አሻገሯት። ልጁ በሆዷ ሞቶ ነበር። ወንድ ነው።

በሳምንቱ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ወንዙን ለክተው ሄዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዘንድሮ ምርጫው ተመልሶ መጣና ኸይረዲንም መጣ። የአፊያ ወዳጃ ላይ ነበርን። እማ ፋጡሜ መሐል ተቀምጠዋል፤ ሰሀር ግድግዳውን ተደግፋለች። ያ ሰው እንደዚያን ጊዜው ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

«የሰሀርን ሰምቻለሁ» አለ። «ቀደር ነው፤ አላህ የወሰነውን ማን ይመልሳል?»

በልቤ ጠየቅሁት። ቦርከና ላይ ድልድይ እንዳይሠራ የወሰነው አላህ ነው?

«ዛሬ ስለ ምርጫ አይደለም የመጣሁት፣ ሀዳ ኮ» ብሎ ቀጠለ፤ ድምፁ እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር። «ልጄ ፊርደውስ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ነው። ደሴ ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራይተን አስቀምጠናታል፤ ግን ሐኪሞቹ አስፈራርተውናል። አንቱ ዱዓ ያድርጉላት።»

ሆስፒታሉ አጠገብ። ለራሱ ልጅ አሚን እንደማይበቃ ያውቅ ኖሯል።

እውነቱን ልናገር፣ ዛሬስ ይረግሙታል ብዬ ቋምጬ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ።

«ያረቢ፣ ፊርደውስን በሰላም ገላግላት። የኛ ሐዘን ደጇን አይርገጥ። ልጇን አሳቅፋት።»

«አሚን» አለ ኸይረዲን።

እሱ ብቻ ነው ያለው። ከመካከላችን አንዲት ሴት አፏን አልከፈተችም። ሳንማከር፣ ሳንተያይ ዝም አልን። እማ ፋጡሜ እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ዞር ዞር ብለው አዩን።

«አሚን በሉ እንጂ፣ ልጆቼ» አሉ። «ልጅቷ ምን አጠፋች?»

ያጠፋችው የለም። ሁላችንም እናውቃለን። መሬት መሬት አየን።

በመጨረሻ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰሀሬ፣ አንቺስ?»

ሰሀር እናቷን ትክ ብላ አየቻቸው። የተናገረችው በቁጣ አልነበረም፤ በቁጣ ብትናገረው ይሻል ነበር።

«እማ፣ እኔ ያለኝን አሚን አምና ጨርሻለሁ።»

እማ ፋጡሜ የተዘረጋ እጃቸውን ፊታቸውን ሳያብሱበት አወረዱት።