እስቲ አንሺው

ካዛንቺስ ካለው ቤታችን ሲወስዱኝ ነጠላዬን ያለበሰችኝ እናቴ ናት። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ በእናት እጅ ስለብስ ሲያዩ ፖሊሶቹ ግራ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ብቻ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀኝ ትከሻዬ ከደረቀ ወራት አልፎት ነበር። ሐኪሙ ፍሮዝን ሾልደር ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል ብሎኛል። እናቴ ደግሞ ብርድ ነው ባይ ናት። ስሙ ምንም ይሁን ምን እጄ ከደረቴ በላይ አይነሳም። ፀጉሬን የምታበጥርልኝም፣ እጅጌዬን የምታስገባልኝም እሷ ነበረች።

የታሰርኩት ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ነው። ከመናገሬም ይልቅ መናገሬን የጠላው ሰው መብዛቱ ነው የገረመኝ።

የእስር ቤቱ መግቢያ ላይ አንዲት ወጣት ፖሊስ ልትፈትሸኝ መጣች።

«ማዘር፣ እጅ ወደ ላይ።»

ግራዬን አነሳሁ።

«ሁለቱንም።»

«አይነሳልኝም፣ ልጄ።»

እልኸኛ መስዬያት ነው መሰለኝ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። የጮህኩት ጩኸት ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ልጅቷ ክንዴን ለቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ከዚያ በኋላ ፊቴን ቀና ብላ አላየችኝም።

ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ፍራሽ ይሸታል። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ኖራ ተቀብቷል። ጥጓን የለቀቀችልኝ ወጣት እስረኛ ደምበል አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። በሕመም ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ትከሻዬን ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«እትዬ፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ነው ወፍሮ የተኮማተረው። መጀመሪያ ያማል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። ማለቴ፣ ዓመትም ከዚያ በላይም ሊወስድ ይችላል።»

«ታዲያ ልተወው?»

«መተውም የለም፣ መታገልም የለም። ሲያምዎ ያቆማሉ፣ ነገ ደግሞ ይሞክራሉ። በቃ።»

ትኩስ ሻይ የመጣበትን ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላ ትከሻዬ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ሞቅ ሲለው ጎንበስ ብዬ እጄን አንጠልጥዬ አወዛውዛለሁ። ቀጥሎ ግድግዳው ፊት ቆሜ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስኬዳቸዋለሁ። አረንጓዴው የሚያልቅበት መስመር ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ።

እናቴ ምሳ ይዛ ትመጣ ነበር። የምንነጋገረው በሁለት አጥር መካከል፣ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው። ዓይኗ ስለደከመ ከሴቶቹ መካከል እስክትለየኝ ትንሽ ትቆያለች።

«ትከሻሽስ?»

«እየተሻለው ነው፣ እማዬ።»

«እስቲ አንሺው።»

ግራዬን አነሳለሁ።

«እሱማ ድሮም ደህና ነው። የኔ ሞኝ፣ እኔን ልታታልይ ነው?»

አንድ ቀን ግን አልቀለደችም። «እኔ ሳልኖር ማን ያለብስሽ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ያስኬድኩት ለትከሻዬ ብዬ አይደለም፤ ያቺን እጅ ለእናቴ ላሳያት ነው። አንድ ጠዋት የመሃል ጣቴ መስመሩን አልፎ ኖራውን ነካ። ጣቴ ጫፍ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት ሳየው ሳቄ መጣ። ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። የጠያቂ ሰዓት እስኪደርስ መቀመጥ አቃተኝ።

የመጣችው እህቴ ናት።

«እማዬን ጉንፋን ይዟታል» አለች። ነጠላዋን እንደ ወትሮዋ ነው የለበሰችው፤ አመንኳት።

መርዶ የሚነገረው ሲነጋ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዓይኔን ስገልጥ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ለብሰው ዙሪያዬን ተቀምጠዋል። ያቺ የፈተሸችኝ ፖሊስ ቆቧን አውልቃ በሩ ላይ ቆማለች። እህቴ የነገረችው ለእሷ ኖሯል፤ እሷም ለሴቶቹ አደራውን አድርሳለች። ማንም ሳይናገር ገባኝ።

«ቀብሩስ?»

«ተፈጽሟል፣ እትዬ። ቂርቆስ» አለችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ።

አለቀስኩ። እነሱም አለቀሱ፤ ሁሉም የየራሳቸውን እናት ነበር የሚያለቅሱት። ሲበርድልኝ ፊዚዮቴራፒስቷ ነጠላዬን አንስታ ልታለብሰኝ ተጠጋች።

«ተይው» አልኳት።

ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቴ አዞርኩት። ጫፉን በቀኝ እጄ ይዤ ወደ ግራ ትከሻዬ ልጥለው ሞከርኩ፤ ወደቀ። ትከሻዬ እንደ እሳት ነደደ። ትንሽ አርፌ ደገምኩት፤ አሁንም ወደቀ። ማንም ሊረዳኝ እጁን አልዘረጋም፣ በዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። በመጨረሻ ትከሻዬ ላይ ዋለ። ተጣሞ ነበር፣ ግን የለበስኩት ራሴ ነኝ።

ዛሬ ተፈትቻለሁ፤ ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ግን የለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ ራቅ ብዬ ነው የምኖረው። ትከሻዬ ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳለችው ቀስ እያለ ለቀቀኝ፤ የማይታዘዘኝ እጄን ወደ ጀርባዬ ስወስደው ብቻ ነው። ሲመቸኝ በላንቻ በኩል በታክሲ አድርጌ ቂርቆስ እሄዳለሁ። ከእናቴ መቃብር ፊት ቆሞ እጅ ማንሳት ያሳፍራል፣ ሰው ምን ይላል። ስለዚህ ነጠላዬን የማስተካክል መስዬ ቀኜን ከራሴ በላይ አነሳዋለሁ። ዓይኗ ደካማ ነውና ትንሽ አቆየዋለሁ።