እናቴን ገሳይ ያደረሳት የሰው ዊልቸር

ደብረ ታቦር ውስጥ እኔ ያልበየድኩት በር ካለ የእንጨት ነው። ብየዳ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እያየሁ ነው የተማርኩት፣ ዓይኔም እየተቃጠለ። ስለዚህ እናቴ ወድቃ እግሯ ጀሶ ሲገባ፣ ዘመድ አዝማዱ «ዊልቸር ከየት ይገኛል?» ብሎ ሲጨነቅ እኔ ሳቅሁ። ወንበር ላይ ጎማ መግጠም ምን ያህል ነገር ነው?

ያስጨነቀን የልጅ ልጇ ሠርግ ነው። ገሳይ ከተማ ያለው ታናሽ ወንድሜ በጥር ልጁን ሊድር ነበር። ልጅቷን ደግሞ ያሳደገቻት እናቴ ናት፤ ጡት ከጣለች ጀምሮ ከጎኗ እየተኛች ነው ያደገችው።

«ጉልበቴን ሳትስም ከቤት አትወጣም» አለች እናቴ።

የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክመን እናደርስሻለን ቢላት ተቆጣች። «ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ጉልበቱ አይሳምም፤ ይለቀስለታል እንጂ። እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምመርቃት።»

ሠራሁላት። የአሮጌ በር ብረት ቆረጥኩ፣ የብስክሌት ጎማ ገጠምኩ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ያማረ ነገር ነበር፤ ዛሬም አያምርም የሚል ካለ ይምጣ። ችግሩ፣ ባዶውን ለማንሳት ራሱ ጎረምሶች መጥራት ነበረብኝ። ባጃጅ ላይ ስንጭነው ባጃጁ እንደ ውሻ በኋላው ቁጭ አለ። እናቴ ደጃፍ ላይ ሆና ዙሪያውን አየችው።

«ልጄ፣ መቀርቀሪያው አልተነሳለትም።»

እውነቷን ነው፤ የበሩ መቀርቀሪያ ከጎኑ እንዳለ ነበር።

«ለጌጥ ብዬ ነው የተውኩት» አልኩ።

«እሱስ ያምራል። ሌባም አይገባበት።»

ከዚያ ውሰት ፍለጋ ተነሳሁ። የሆስፒታሉ ወንበር ከግቢ አይወጣም ተባልኩ። እብናት አንድ ሰው ጋ አለ ብለውኝ ስደውል፣ ጎማው ተነቅሎ ጋሪ ተሠርቶበታል። የቀረው ጎረቤቴ ነው። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር፤ ለዚያ ነው እብናት ድረስ የደወልኩት።

ጎረቤቴ ባለ ወፍጮ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን አደግን፤ ማለት ከልጅነታችን ጀምሮ እቀናበታለሁ። እኔ ብስክሌት ስገዛ እሱ ሞተር ይገዛል። እኔ ጥርሴን ሳስነቅል እሱ ወርቅ ያስተክላል። ሴት ልጁ አረብ አገር አንዲት አሮጊት ስትጦር ኖራ ስትመለስ፣ የአሮጊቷ ቤተሰቦች ዊልቸሯን ሰጥተዋታል። ለአያቷ ብላ አመጣችው፤ አያቷ ግን ሳይደርስላቸው አረፉ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ታጥፎ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ አቧራ እንዳይነካውም ነጭ ነጠላ ለብሷል። እኔ ለጥምቀት እንኳ እንደዚያ ለብሼ አላውቅም።

«ለውሰት ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ለሌላማ ምን ታደርገዋለህ፣ ልትበይደው ነው?» አለና በአንድ እጁ አወረደው። ሌላኛው እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሆን ብሎ ነው። «እየው፣ ባዶ እንቅብ ማለት ነው። ያንተው መንገድ ዘጋ ሲሉ ሰማሁ።»

ወንበሩን ገለበጥኩና ብየዳውን መረመርኩ፤ አንድ እንከን ባገኝበት ብዬ። የተበየደበት ቦታ ራሱ አይታይም። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለ። «ማጠፍ መዘርጋቱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።»

ወንበሩ ሚኒባሱ ውስጥ ታጥፎ ከመቀመጫ ሥር ገባ። እናቴ ገሳይ እስክንደርስ እሱን ስትመርቅ ሄደች። «ልጅህን ያኑርልህ፤ ወፍጮህ እህል አይጣ፤ ክፉ አይንካህ።»

«እኔስ፣ እማዬ?» አልኳት።

«አንተማ ልጄ ነህ፤ የት ትሄዳለህ?»

ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ በተርታ ተቀምጠዋል። እናቴን ከወንድሜ ቀጥሎ አስቀመጥናት። ከእሷ ቀጥሎ ያለው መቀመጫ የእኔ ነው፤ የሙሽራዋ ታላቅ አጎት ነኝ። ጎረቤቴ ግን ሄዶ ቁጭ አለበት።

«መሬቱ ቁልቁል ነው፤ ፍሬኑን ይዤ ልቀመጥ» አለ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ። «ከጎማው ሥር ድንጋይ ይገባና አንተ ትነሳለህ» ብዬ ወጣሁ። ገሳይ ድንጋይ አይጠፋም፤ ለሠርግ የሚመጥን ንጹሕ ድንጋይ ስመርጥ ግን ቆየሁ።

ስመለስ ሙሽሮቹ እናቴ ጉልበት ላይ ናቸው። ልጅቷ ከጀሶው ከፍ ብላ ጉልበቷን ሳመችና ቀና ማለት አቃታት። እናቴ የልጅቷን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች መረቀቻት፤ ቁጭ ብላ፣ እንዳለችው። እኔም ድንጋዬን ታቅፌ አለቀስኩ።

እንባዬን ሳልጠርግ ሙሽራው ወደሚቀጥለው መቀመጫ አለፈ። «ታላቁ አጎት ናቸው» ብሎ ሚዜው ሹክ አለው፤ ቦታው የአጎት ነዋ። ጎንበስ ብሎ የጎረቤቴን ጉልበት ሳመ። ሙሽራዋም እንደ ወጉ አንገቷን ደፍታ ስለነበር የማን ጉልበት እንደሆነ ሳታይ ተከትላ ሳመች። ጎረቤቴ እኔን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያኑራችሁ። ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ። ጎተራችሁ አይጉደል። ከምቀኛ ዓይን ይሰውራችሁ።»

የመጨረሻዋን ሲላት ወደ እኔ ዞር ያለ መሰለኝ። እኔ ለዚያ ቀን ሳጠናው የከረምኩት ምርቃት ነበር፤ አንድ በአንድ ለቅሞ ጨረሰው።

«ልጆቼ» አለች እናቴ፣ «እሱስ ጎረቤታችን ነው። አጎታችሁ ያ ድንጋይ የታቀፈው ነው።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሙሽሮቹ እየተሽኮረመሙ መጥተው ጉልበቴን ሳሙ። ከዚያ ሰው ሁሉ ምርቃቴን ይጠብቅ ጀመር። አፌን ከፈትኩ፤ አንድም ቃል አልተረፈልኝም።

«እሱ ያለውን ሁሉ ያድርግላችሁ» አልኩ።

ከሁሉ ጮክ ብሎ «አሜን» ያለው ጎረቤቴ ነው።

«እሰይ፣ ሁለቴ ተመረቁልኝ» አለች እናቴ፤ ፍሬኑን እንዲፈታላትም እሱን ጠቀሰችው።