ኢሪስ ለእህቷ ልታሳያት የፈለገችው ፎቅ

ኢሪስ ማልዶናዶ ብሮንክስ ውስጥ በጋሪ ፍራፍሬ ትሸጣለች። እኔ ከጎኗ ጃንጥላና ኮፍያ እሸጣለሁ። እኔ ብዙ አላወራም፣ የሷ ወሬ ግን ለሁለታችንም ይበቃል።

ከመንገዱ ማዶ አንድ አሮጌ ፎቅ አለ። አናቱ ላይ ከሸክላ የተሠሩ ሦስት አረንጓዴ ሴቶች ጣሪያውን በእጃቸው ደግፈው ቆመዋል። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ፣ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍባቸው ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር። ኢሪስ ማንጎዋን ሳትደረድር በፊት ቀና ትልና፣ "እንዴት አደራችሁ? ዛሬም አልደከማችሁም?" ትላቸው ነበር። ፖርቶ ሪኮ ላለችው ታላቅ እህቷ፣ ለኔሬይዳ፣ በስልክ የምታወራላት ስለነሱ ነው።

ከዚያ ከግንቡ ቁራጭ ወደቀ ተባለ። ባለቤቱ የእግረኛው መንገድ ላይ የእንጨት ጣሪያ ሠራ፣ ፎቁንም ጥቁር መረብ አለበሰው። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አንድ ሠራተኛ ሲወጣበት አላየንም። እዚህ ከተማ ግንብ ከማደስ መረቡን ማቆየት ይረክሳል።

ሐሙስ ዕለት ለሠርግ መጥታ የነበረችው ኔሬይዳ ወደ አገሯ ልትሳፈር ስትል፣ ኢሪስ በግድ ይዛት መጣች።

"ታዲያ የታሉ?" አለች ኔሬይዳ።

"ከመረቡ ኋላ ናቸው፣ እትዬ። ትንሽ ቀና ብለሽ እዪ።"

"ለኔ የሚታየኝ የወባ አጎበር ነው።"

ኢሪስ ፊቷ ቀላ። "ጋሪዬን እይልኝ" አለችኝና እህቷን እየጎተተች ከኋላችን ወዳለው ፎቅ በር ሄደች። ከሱ ጣሪያ ላይ፣ ከመረቡ በላይ ቢያንስ የሴቶቹ አናት ይታያል።

"እናቴ፣ ይሄ ሙዚየም አይደለም" አላት የበሩ ዘበኛ።

"ሙዚየም ቢሆንማ ከፍዬ እገባ ነበር!"

አልሆነም። ስትመለስ የእግረኛው መንገድ መሀል ቆመች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አንገቷን ቀና አደረገች። "እንዲህ ናቸው! ገባሽ? እንዲህ!" ሰው እየዞራት ያልፋል። ኔሬይዳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳቻት።

"እኔን አይደለም እኮ! አጥፊው!"

"አላጠፋም! ለሰፈሩ ሁሉ ነው የማሳየው።"

ታክሲው ጡሩምባውን ነፋ። ኔሬይዳ ጉንጯን ስማት ሄደች።

ኢሪስ አንድ ብርቱካን አነሳችና መንገዱን አሻግራ በኃይል ወረወረችው። መረቡ ላይ ነጥሮ ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ፈረጠ።



"አየህ?" አለችኝ። "እዚህ ከተማ እንኳን ሰው፣ ብርቱካን አያሳልፉም።"