ኳሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሻንጣዬን ስፈታ ከሹራቦቼ መካከል አንድ ያረጀ የቴኒስ ኳስ ወጣ። ፀጉሩ ተመልጦ አልቋል። አንድ ጎኑ ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈ የስልክ ቁጥር አለ፤ ግማሹ ጠፍቷል፣ እኔ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የጎማና የአቧራ ሽታው የመካነ ሰላምን የትምህርት ቤት ሜዳ አመጣብኝ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የስፖርት መምህራችን ከሜዳው ጥግ በአመድ መስመር አስምረው፣ በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መካከል የሽንኩርት ጆንያ ቀጣጥለው መረብ በመወጠር ቴኒስ ያስተምሩን ነበር። አንዱ ራኬት የእሳቸው ነው። ሌላው እናቴ ከዓረብ አገር በካርቶን ከልብስ ጋር የላከችልኝ ነበር። ከእኔ ጋር የምትተካከለው አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ትዕግስት ብቻ ነበረች። መምህራችን ሁልጊዜ «ሲደክማችሁ አትቸኩሉ፤ ኳሷን ሦስቴ አንጥሩ፣ ተንፍሱ፣ ከዚያ ምቱ» ይሉን ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴ ከደወለች አምስት ወር አልፎ ነበር። እዚያ አብራት ትሠራ የነበረች ሴት ተመልሳ ደሴ፣ ሸዋበር ሰፈር መግባቷን ሰማን፤ ስልኳን የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ያሳደጉኝን አያቴን፣ አባባን፣ «ልሂድና ልጠይቃት» ብላቸው፣ «ሴት ልጅ ብቻዋን ደሴ አትሄድም፤ እኔም ጉልበቴ አይችልም። ደግሞ ለሰው እንዳታወሪ» አሉኝ። ሳምንት ሳይሞላ መምህራችን ከእኔና ከትዕግስት ያሸነፈችውን ለዞኑ ውድድር ደሴ ይዘዋት እንደሚሄዱ ነገሩን። እኔ ውድድሩ አልታየኝም። የታየኝ ሸዋበር ነው። ለትዕግስት እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

ረመዳን ግንቦት ላይ ገብቶ ነበር። ወሩን ሙሉ ስጾም የመጀመሪያዬ ስለሆነ የግጥሚያችን ቀን ይቀየርልኝ ለማለት አፈርኩ። ጨዋታችን የተጀመረው የወንዶቹ ካለቀ በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። የመጀመሪያውን ዙር እሷ፣ ሁለተኛውን እኔ ወሰድን። በሦስተኛው ቀድሞ ስድስት ጌም የሞላላት ታሸንፋለች። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል፤ እግሮቼ የራሴ አልመስል አሉኝ። ራኬቱን መሬት ላይ ተክዬ ስደገፍ አንዱ ከዳር፣ «ዘይነባ፣ ምርኩዝ አደረግሻት እንዴ?» አለና ሁሉም ሳቁ።

አምስት ለአራት እየመራሁ፣ ሰርቩም የእኔ ሆኖ አርባ ለሠላሳ ደረስኩ። አንድ ነጥብ ብቻ ቀረኝ። ልክ ኳሱን ሳነሳ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ትዕግስት ራኬቷን አስቀምጣ ውሃዋንና በወረቀት የጠቀለለችውን ቴምር ይዛ ወደ መረቡ መጣች። ለካ ጠዋት ለእኔ ብላ ይዛው ነው የመጣችው።

«ነይ አፍጥሪ። ኳሷ የትም አትሄድም።»

«አንድ ነጥብ ነው የቀረኝ፤ ጨርሼ እጠጣለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ አዛን ብሏል እኮ! ከንፈርሽን አይተሽዋል?»

መምህራችንም «አምስት ደቂቃ ዕረፉ» አሉ።

«አልፈልግም!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ መምህር ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ከተቀመጥኩ የምነሣ አልመሰለኝም። ኳሱን አንዴም ሳላነጥር፣ ሳልተነፍስ መታሁት፤ መረቡ ላይ ቀረ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይበልጥ ቸኮልኩበትና ከአመዱ መስመር አልፎ ወደቀ። ከዚያ በኋላ እጄ አልታዘዘኝም። ያ ጌም ሄደ፤ አምስት ለአምስት ሆንን። የመጨረሻውን ጌም ሳንጫወት ትዕግስት ውሃውን እንደገና ዘረጋችልኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ኳሱ እየመሸ ባለው ብርሃን ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር። ተሸነፍኩ።

አመዱ ላይ ተቀምጬ ቴምሩን ከእንባዬ ጋር በላሁት። ያኔ ነው ሁሉንም የነገርኳት።

«ምነው ሳትነግሪኝ? እለቅልሽ ነበር እኮ!»

«ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ» አልኳት። ውሸቴን ነው፤ አባባን ፈርቼ ነበር።

«አብሽሪ። የሴትየዋን ስም ብቻ ንገሪኝ።»

ትዕግስት ደሴ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፈች። ከዚያ መምህራችንን ለምና ሸዋበርን በር በበር እያንኳኳች ሴትየዋን አገኘቻት። ወረቀት ስላልያዘች ሴትየዋ የሰጠቻትን የእናቴን አዲስ ቁጥር በእጇ በነበረው ኳስ ላይ ጻፈችው። ስንደውል እናቴ በቀጭን ድምፅ «ዘይኑዬ» አለችኝ፤ ለወራት ሆስፒታል ተኝታ ኖሯል። በዓመቱ ተመለሰች።

ዛሬ እናቴ ቤቷ አለች። እኔም ተማሪ ሆኛለሁ። ትዕግስት ግን አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች እሷም ዓረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ እሑድ እሑድ ትደውል ነበር፤ አሁን ድምፅዋ ከጠፋ አራት ወር ሊሆን ነው። እናቷ በደወልኩ ቁጥር፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስኪ ፈልጊልኝ ልጄ» ይሉኛል። ያኔ እኔ ስሸነፍ ሸዋበር የሚሄድልኝ ሰው ነበረኝ። እኔ ለእሷ የማንን በር እንደማንኳኳ አላውቅም።

ስለዚህ ከክፍል ስመለስ ኳሱን የዶርሙ ወለል ላይ ሦስቴ አነጥራለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ ከዚያ እደውልላታለሁ። አይሠራም ይለኛል። እንደገና ሦስቴ አነጥራለሁ።